ከፍቅረኛው ቤት ጋራዥ የተነሳው ሌላኛው ቻፕማን

ለአርሰናል ደጋፊ ቻፕማን ሲባል ሌላ ሰው አይታየውም፤ ኸርበርት ቻፕማን ነው። በ1930 የመጀመሪያውን ኤፍ ኤ ካፕ፣ በ1931 እና በ1933 ደግሞ የአንደኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮንነትን ወደ ሃይበሪ ያመጣው ታላቅ አሰልጣኝ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ነገር ግን በዚያው በሰሜን ለንደን፣ ከአርሰናልም ከቶተንሃምም ሜዳ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ከስሙ በቀር ከአሰልጣኙ ጋር የሚያገናኘው ነገር የሌለ ሌላ ቻፕማን አድጓል። ይሄኛው በኳስ አልታወቀም። የታወቀው በመኪና ነው።

ኮሊን ቻፕማን ይባላል። ሎተስ የተባለችውን መኪና የፈጠረው፣ በፎርሙላ ዋን ሰባት ጊዜ የአምራቾች ሻምፒዮን የሆነው፣ ጂም ክላርክን፣ ግርሃም ሂልን፣ ኤመርሰን ፊቲፓልዲንና ማሪዮ አንድሬቲን ለዓለም ሻምፒዮንነት ያበቃው ሰው ነው። አይርተን ሴናም የመጀመሪያውን የግራንድ ፕሪ ድሉን በ1985 ፖርቱጋል ላይ ያገኘው በሎተስ ነበር፤ ያኔ ግን ቻፕማን ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህ ሁሉ ዝና የጀመረው ከትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ከፍቅረኛው ወላጆች ቤት ጀርባ ከነበረች አንዲት ጋራዥ ነው።

ቻፕማን የተወለደው ግንቦት 19 ቀን 1928 ሪችመንድ ውስጥ ነው። አባቱ ስታንሊ ቻፕማን ሆርንሲ በሚባለው ሰፈር ሬልዌይ ሆቴል የሚባል መጠጥ ቤት ያስተዳድር ነበር። ይህን መጠጥ ቤት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ልጁ በ1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በአንድ የዳንስ ምሽት ላይ ሄዝል ዊሊያምስ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። ያኔ ዕድሜው 16 ዓመት ነው። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ገብቶ ምህንድስና መማር ጀመረ። የተማረው ስለ መኪና አልነበረም፤ ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ አቋም እንጂ። ብረት የት ላይ እንደሚጨነቅና የት ላይ ሥራ ፈትቶ እንደሚቀመጥ የሚያሰላ ትምህርት ነው። በኋላ ሌሎች የመኪና ሠሪዎች ሁሉ ያልታያቸው ነገር ለምን ለእሱ እንደታየው ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ መጀመር አለበት።

ትምህርቱ እንዳለ ሆኖ ልጁ ነጋዴም ነበር። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ዋረን ስትሪት ከሚባለው የአሮጌ መኪና ገበያ እየገዛ፣ እያስተካከለ፣ አትርፎ ይሸጣል። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ መኪና እንደ ልብ ስለማይገኝ ንግዱ ደርቶ ነበር። በ1947 መጨረሻ ላይ ግን መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የቤንዚን ራሽን አቋረጠ። ቤንዚን ከሌለ መኪና ማን ይገዛል? ገበያው በአንድ ጀምበር ተቀዘቀዘ። ቻፕማን ያሉትን መኪኖች በኪሳራ ሸጦ ሲጨርስ እጁ ላይ አንዲት ገዢ ያጣች አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ቀረች።

ኦስቲን ሰቨን ማለት ከ1922 እስከ 1939 ድረስ የተሠራች፣ 747 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ተራው እንግሊዛዊ መኪና ያየባት ትንሽ መኪና ናት። ወደ 290 ሺህ ገደማ ተመርታለች። ርካሽና ቀላል ስለሆነች በእጁ የሚሞክር ወጣት ሁሉ የሚፈታትነው እሷን ነበር። ቻፕማንም ያደረገው ይህንኑ ነው። መኪናዋን በሄዝል ወላጆች ቤት ጀርባ ወዳለው ጋራዥ አስገብቶ ቦዲዋን አውልቆ ጣለ።

ሌላው ልጅ ቢሆን የጣለውን በላሜራ ተክቶ ቀለም ቀብቶ በጨረሰ ነበር። ቻፕማን ግን ኮምፔርሳቶ ላይ አሉሚኒየም ለጥፎ ቀላል ቦዲ ሠራ፤ ልክ እንደ አውሮፕላን አካል ውስጡን በግድግዳ ከፋፈለው። አውሮፕላን ማብረር በዩኒቨርሲቲው የአየር ክፍል ስለተማረ ነገሩ ለእሱ እንግዳ አልነበረም። ዋናው ሐሳብ ቦዲው ለውበት ብቻ ሻንሲው ላይ የተጫነ ሸክም እንዳይሆን ነው፤ እሱም በተራው ጭነት ይሸከም። ሄዝል አብራው ሠርታለች። ውድድርም አብራው ወጥታለች። ውድድሩ ደግሞ በጭቃና በዳገት ላይ ሳይቆሙ የመውጣት ጨዋታ ነበር እንጂ የአስፋልት እሽቅድምድም አልነበረም። መኪናዋ በ1948 ስትወጣ ሎተስ ተባለች፤ ታርጋዋም ኦ ኤክስ 9292 ነበር። ለምን ሎተስ እንዳላት ቻፕማን በሕይወት እያለ ለሕዝብ ተናግሮ አያውቅም፤ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አውርቶበታል።

በመሃል ለጥቂት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ አገለገለ። ቋሚ መኮንን ሁን ሲባል እምቢ ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ቀን ብሪቲሽ አሉሚኒየም የተባለ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ሆነ። ደመወዙ ከአሉሚኒየም ኩባንያው ይመጣል፤ እንቅልፉን የሚወስደው ግን ሎተስ ነው።

የታገደው ብልሃት

በ1951 ማይክልና ናይጀል አለን ከሚባሉ ወንድማማቾች ጋር ገጠመ። ወንድማማቾቹ ጥሩ ዕቃ ያለው ጋራዥ ነበራቸው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሦስት መኪና እንሠራለን ብለው ተነሱ፤ ጊዜ አልበቃ ብሎ ያለቀችው አንዲት ብቻ ሆነች። የሚወዳደሩት 750 ሞተር ክለብ በሚያዘጋጀው፣ ኦስቲን ሰቨን ላይ ተመሥርተው በቤት በተሠሩ መኪኖች ውድድር ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ እንዳያሸንፍ ተብሎ የወጣ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የልጁ ጭንቅላት የታየው።

የኦስቲን ሞተር አራት ሲሊንደር አለው፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ሁለት ሲሊንደር በአንድ አፍንጫ ይተነፍሳሉ እንደ ማለት ነው፤ አንዱ ሲስብ የሌላውን ይሻማል። ቻፕማን መግቢያውን በመሃል በስስ መክፈያ ለሁለት ገመሰውና እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን እንዲተነፍስ አደረገ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መኪናዋ ግን ትበራለች! በዚያ ዓመት ሌሎቹን እየተወች መሄድ ሥራዋ ሆነ። የክለቡ ሰዎች ሕግ ደብተራቸውን አገላብጠው የሚከለክል ነገር ሲያጡ አዲስ ሕግ ጻፉና ብልሃቱን አገዱት። ኳስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገጥምም፤ ቻፕማንን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ደጋግሞ ገጥሞታል። በ1981 ባለ ሁለት ሻንሲዋን ሎተስ 88 ይዞ ሲመጣም የገጠመው ያው ነው፤ መኪናዋ ግራንድ ፕሪ ሳትሮጥ ታገደች።

ይሄኔ ሌሎች ልጆች ለእኛም ሥራልን እያሉ መምጣት ጀመሩ። በ1952 መጀመሪያ ሎተስ ኢንጂነሪንግ ተመሠረተ። መነሻ ካፒታሉ ስንት ነበር? 25 ፓውንድ። እሱንም ያበደረችው ሄዝል ናት። ዎርክሾፑስ? አሁን ወደ መጠጥ ቤቱ እንመለስ። ከሬልዌይ ሆቴል ጀርባ ድሮ ፈረስ የሚታሰርበት አሮጌ በረት ነበር፤ አባትየው እሱን ለቀቀለት። ከፊት ቢራ ይቀዳል፣ ከኋላ ብረት ይበየዳል።

ወደዚያ በረት ማታ ማታ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ቀን ሌላ ቦታ ይሠራሉ፤ ማታ ለፍቅር ሲሉ ይመጣሉ። ማይክ ኮስቲን ከዲ ሃቪላንድ አውሮፕላን ፋብሪካ እየወጣ ይመጣ ነበር። በኋላ ኪት ዳክወርዝ የሚባል ወጣት ሲጨመር ሁለቱ ተገናኙና በ1958 ስማቸውን አጣምረው ኮስዎርዝ የተባለውን የሞተር ኩባንያ አቋቋሙ። የዚያ ኩባንያ ዲ ኤፍ ቪ ሞተር ከ1967 እስከ 1983 ድረስ 155 ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። ግርሃም ሂል ደግሞ ሥራ ፈት ነበር። በ1954 ብራንድስ ሃች ከሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ወደ ለንደን የሚያደርሰው ሲፈልግ ከቻፕማን ሰዎች ጋር ተሳፈረ፤ ከዚያ በቀን አንድ ፓውንድ እየተከፈለው መካኒክ ሆነ። ያ መካኒክ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሁለተኛውን በ1968 ያነሳው በሎተስ ነው። ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ይህን ያህል ሰው ሲወጣ እንግዲህ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

መኪና በካርቶን

ቻፕማን ለእሽቅድምድም ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡ የመጣው እንደ እሱው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ከሚፍጨረጨሩ ሰዎች ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከባድ የግዢ ግብር ይከፍላል። ግብሩ የሚጣለው ግን በተገጣጠመ መኪና ላይ ነው። ዕቃውን በተናጠል ገዝቶ ራሱ ለገጠመ ሰው ግብሩ የለበትም። ቻፕማን ማርክ ስድስት የተባለችውን መኪና እንዲህ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ሻንሲው ከቀጫጭን የብረት ቱቦ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ተበይዶ የተሠራ ነው። ሦስት ማዕዘን አይጣመምም፤ የድልድይ ትምህርቱ እዚህ ጠቀመው። ባዶውን ሻንሲ ብቻ ቢመዝኑት 25 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ያወጣዋል! ገዢው ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ሌላውን ከአሮጌ ፎርድ ፈቶ ያመጣና ቤቱ ይገጥማል። ወደ 100 ገደማ ተሸጠ።

በ1957 የመጣችው ሎተስ ሰቨን ደግሞ ይህን ነገር ዓለም አቀፍ በሽታ አደረገችው። በር የላት፣ ጣሪያ የላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ግማሽ ቶን ገደማ የምትመዝን ጉደኛ መኪና ናት። ስለ ግብሩ የሚወራ አንድ ጨዋታ አለ። ሕጉ ዕቃው የመገጣጠሚያ መመሪያ ሊኖረው አይገባም ስለሚል፣ ሎተሶች መኪናዋ እንዴት እንደምትፈታ የሚገልጽ መመሪያ ይሰጡ ነበር አሉ፤ ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እየሄደ ይገጥማታል። እውነት ሆነም አልሆነም የቻፕማን ሥራ ይመስላል። በ1973 እንግሊዝ የግዢ ግብሩን ትታ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስታስገባ የዕቃው ንግድ ትርፉ አለቀ፤ ሎተስም ሰቨንን የመሥራት መብት ኬተርሃም ለተባለ ኩባንያ አስተላለፈ። በ1996 ሮን ቻምፒዮን የሚባል መምህር ደግሞ የዚችኑ ዓይነት መኪና ከአሮጌ ፎርድ ዕቃ በ250 ፓውንድ ቤት ውስጥ እንዴት መሥራት እንደሚቻል መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ስንት ጋራዥ በብየዳ ጭስ እንደታፈነ ቤት ይቁጠረው።

ሄዝልና ኮሊን በ1954 ተጋቡ። ፋብሪካው በ1959 ከሆርንሲ ወደ ቼስሃንት፣ በ1966 ደግሞ ወደ ሄቴል ተዛወረ። ሄቴል ከኖርዊች ከተማ አጠገብ ያለ፣ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይነሱበት የነበረ የአየር ማረፊያ ነው። የኖርዊች ሲቲ ደጋፊዎች ጎረቤት ሆነ ማለት ነው።

ፎርሙላ ዋን ላይ ሎተስ የገባው በ1958 ሞናኮ ላይ ነው። በ1960 እዚያው ሞናኮ ላይ ስተርሊንግ ሞስ በግል ቡድን ሎተስ ነድቶ የመጀመሪያውን ድል አመጣ። በ1962 ቻፕማን ቱቦውን ጭራሽ ተወና ሎተስ 25ን እንደ አውሮፕላን አካል ከተጠፈ ቆርቆሮ ሠራት። ከቀድሞዋ ሎተስ 24 በሦስት እጥፍ የጠነከረች፣ ሻንሲዋ ግን ክብደቱ ግማሽ ነበር። ልብ በሉ፣ ከ14 ዓመት በፊት ኮምፔርሳቶ ላይ የሞከረው ሐሳብ ነው። ጂም ክላርክ በ1963 ከአሥር ውድድር ሰባቱን ጠቀለለ። በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ብቻ ሳይሆን ኢንዲያናፖሊስ 500ንም ከ200 ዙር 190ውን እየመራ አሸነፈ፤ አሜሪካኖቹ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና እንዲህ ሲያሸንፋቸው ያ የመጀመሪያቸው ነበር። የሎተስ መኪና አንደኛ በገባ ቁጥር ቻፕማን ጥቁር ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል። ይህ ምልክቱ ሆነ።

ክብደት ወይስ ሕይወት?

አሁን ወደ መራራው ነገር እንምጣ፤ ይህን ሳይነሱ የቻፕማንን ታሪክ መጻፍ ውሸት ይሆናል። የዚህ ሰው ሃይማኖት ክብደት መቀነስ ነው። ከመኪናው ላይ የሚቀነስ ነገር ካለ ይቀነስ፤ ዕቃው ውድድሩን ለመጨረስ የሚበቃ ጥንካሬ ካለው ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው ብሎ ያምናል። በጋራዥ ጊዜ ይህ ጥሩ ነበር፤ በጭቃ ዳገት ላይ አንድ ብሎን ቢበጠስ ወርዶ መግፋት ነው። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ወርዶ መግፋት የለም።

በ1960 ቤልጅየም ስፓ ላይ በአንድ የውድድር ሳምንት የሞስ ሎተስ ጎማ ወለቀ፤ የማይክ ቴይለር ሎተስ መሪ ተሰበረ። ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ። ሚያዝያ 7 ቀን 1968 ጂም ክላርክ ሆከንሃይም ላይ በፎርሙላ ቱ ውድድር ሞተ። ክላርክ ለቻፕማን ሹፌር ብቻ አልነበረም፤ እንደ ወንድም ነበር። ቻፕማን በሐዘን ተሰብሮ ስፖርቱን ሊተው ደርሶ ነበር። አልተወም። በ1969 ስፔን ላይ የሂልና የዮከን ሪንት መኪኖች ክንፋቸው ተሰብሮ በዚያው ውድድር ተራ በተራ ተላተሙ። ሪንት ከዚህ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈ። መኪኖችህ ፈጣን ናቸው፣ ጥቂት ኪሎ ጨምረህ ደካማውን ቦታ ብታጠነክር ፍጥነታቸው አይጎዳም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። መስከረም 5 ቀን 1970 ሞንዛ ላይ ለማጣሪያ ሲሮጥ የሎተስ 72 የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰበረና ሪንት ሞተ። በዚያ ዓመት የሰበሰበውን ነጥብ የደረሰበት ሰው ስላልነበረ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ እንዲህ ያለ ሻምፒዮን እሱ ብቻ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የቻፕማን ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የክላርክ አደጋ ከጎማ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው፤ በዚያ ዘመን በሌሎች ቡድኖች መኪናም ሹፌር ይሞት ነበር። ነገር ግን ሎተስ መንዳት ያለው ሁለት ትርጉም ሹፌሮቹ ያውቁት ነበር፤ ዋንጫ የሚፈልግ ወደዚያ ይሄዳል፣ ወደዚያ የሚሄድ ደግሞ ይፈራል። ሪንትም ራሱ ፈርቶ ነው የሄደው።

ድሉ አልቆመም። በ1972 ብራዚላዊው ፊቲፓልዲ በ25 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1978 አንድሬቲ በሎተስ 79 ነገሠ፤ ይህች መኪና ሆዷ ስር የሚያልፈውን አየር እንደ ተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ተጠቅማ ወደ መሬት ትሳባለች፣ መታጠፊያ ላይ ሌሎቹ ሲፈሩ እሷ ሙጭጭ ብላ ታልፋለች። ያንኑ ዓመት ሮኒ ፒተርሰን ሞንዛ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። የቻፕማን ዋንጫና ለቅሶ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚመጡት።

ከዚያ ደግሞ የዴሎሪያን ጉዳይ አለ። ባክ ቱ ዘ ፊውቸር በተባለው የ1985 ፊልም የምትታወቀውን፣ በሯ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈተውን መኪና ኢንጂነሪንግ የሠራው ሎተስ ነው። ፋብሪካው ሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት አጠገብ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ተቋቁሞ በ1982 ከሰረ። በኋላ ሲመረመር ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጂ ፒ ዲ በሚባል ድርጅት በኩል አቅጣጫውን ስቶ ጠፍቷል። በ1992 የሎተስ የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ፍሬድ ቡሼል ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው ቻፕማን በሕይወት ኖሮ ችሎት ቢቆም ቢያንስ አሥር ዓመት ይፈረድበት እንደነበር ተናግሯል። ከ25 ፓውንድ የተነሳ ሰው እዚህ መድረሱ ያሳዝናል።

ነሐሴ 1982 ኦስትሪያ ላይ ኤሊዮ ደ አንጀሊስ ኬኬ ሮዝበርግን በ0.05 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ቻፕማን ኮፍያውን ወረወረ። የመጨረሻው ሆነ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1982፣ ከፓሪስ ስብሰባ በተመለሰ ማግስት፣ ኖርፎክ ካለው ቤቱ በልብ ድካም ሞተ። 54 ዓመቱ ነበር። የዚያኑ ቀን ልጆቹ ስኔተርተን ሜዳ ላይ አዲስ ነገር እየሞከሩ ነበር፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞላ የገጠመላት ሎተስ። የዴሎሪያን ነገር ሲጋጋል አልሞተም፣ ብራዚል ተደብቋል የሚል ወሬም ተናፍሶ ነበር፤ ወሬ ሆኖ ቀረ። ቡድኑ እስከ 1994 ውድድር ዘመን ከተንፏቀቀ በኋላ ፈረሰ። ሄዝል እስከ 2021 ኖራለች።

ያቺ የመጀመሪያዋ መኪናስ? ቻፕማን በ1950 መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ሸጣት፤ ከዚያ በኋላ ዱካዋ ጠፋ። በ2018 ሎተስ 70ኛ ዓመቱን ሲያከብር በዓለም ላይ ላሉ ደጋፊዎቹ ጥሪ አቀረበ። አሮጌ ጋራዥ፣ ጎተራ፣ መጋዘን ያላችሁ ሁሉ ውስጡን ፈትሹ፣ ታርጋዋ ኦ ኤክስ 9292 ነው አለ።